ኅቡዕ ቁጥር

የሞተር ሕመም ሁሉ ድምፅ በነበረው ዘመን፣ ማለትም ካንዴላው የጠቆረበት፣ ቫልቩ የላላበት ወይም ካርቡራተሩ የቆሸሸበት መኪና ገና ከጋራዡ በር ሳይገባ ደዌውን በገዛ ልሳኑ ይናገር በነበረበት ጊዜ፣ መካኒክነት ከሁሉ አስቀድሞ የጆሮ ጥበብ ነበር፤ እኔም በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደዚህ ሙያ በገባሁ ጊዜ ያንን ጥበብ ሊቃውንቱ ገና ሳያልፉ ደርሼበታለሁ። ይሁን እንጂ በተማርሁበት ጋራዥ ውስጥ በዐይኔ ያየሁት ትልቁ ነገር፣ ጆሮ የማይሰማው፣ ካቻቢቴ የማይደርስበት፣ ረቂቅ የሆነ ዐዲስ ደዌ ከባሕር ማዶ መጥቶ በእነዚያ በአረጁ እጆች ፊት ሲቆም ነውና፣ ዛሬ ትዝታዬ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ጋራዡ በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባለቤቱ በልጅነታቸው በጎጃም ዳዊት ደግመው ጾመ ድጓ የጀመሩ፣ ኋላም ወደ ከተማ መጥተው በጃንሆይ ዘመን ከአንድ ጣሊያናዊ ባለጋራዥ ዘንድ ሙያውን የተማሩ አዛውንት ስለ ነበሩ፣ እኛ ደቀ መዛሙርታቸው በስማቸው ሳይሆን «የኔታ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ቴስታታውንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ካምቢዮውንም ጣሊያኑ ባወረሳቸው ስም እየጠሩ፣ ከሴይቼንቶ ታክሲ እስከ ቮልስ፣ ከቮልስ እስከ ላዳ ድረስ በከተማው የሚሄደውን ሁሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ የማይጣስ ሥርዓት ነበራቸው፦ የመጣ መኪና ባለቤቱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ነገሩ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት በመኪናው ላይ ምን እንደ ደረሰ፣ ማን እንደ ነካው አንድም ሳያስቀር ተናግሮ ሳይጨርስ ኮፈን አይከፈትም ነበር። እኛ ወጣቶቹ ይህን እንደ ጊዜ ማባከን እናየው ነበር፤ እሳቸው ግን የግማሹ ጥገና በዚያ በርጩማ ላይ እንደሚያልቅ ያውቁ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ አንዲት ነጭ ፊያት ፑንቶ በገመድ ተጎትታ መጣች። ባለቤቷ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ሌሊት ምጥ በጠና ቍጥር ከቤታቸው እየተጠሩ የሚሄዱ ሴት ስለ ሆኑ፣ ሮማ የሚኖሩት ወንድማቸው መኪናዪቱን ገዝተው በጅቡቲ በኩል ልከውላቸዋል። ፑንቶ በዚያን ጊዜ ለአገራችን እንግዳ ናት፤ በአውሮፓ ግን እ.ኤ.አ. የ1995 የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠችና በየመንገዱ የምትታይ ነበረች። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው በሙሉ ኀይሉ ያሽከረክራል፤ ባትሪው ብርቱ ነው፤ ቤንዚን ሞልቷል፤ ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይተኵስም። ካንዴላ ፈትተን አየን፤ እሳት የለም። ቤንዚን የሚረጨውንም አየን፤ ጠብታ አይሰጥም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ከዚያ በፊት አይተናት የማናውቃት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ ማለቷን ልብ አልን።

የኔታ ወደ በርጩማው ተመለሱ። «እሜቴ፣ ቀድሞ የሆነ ነገር አለ። ከመኪናዪቱ ሳይሆን በእጅዎ ካለው ነገር ይጀምሩልኝ» ሲሏቸው፣ እትዬ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ቁልፉ ባለፈው ቀን በሆስፒታሉ የድንጋይ ወለል ላይ ወድቆ ሰማያዊ እጀታው መሰንጠቁን፣ በክር አስረው መልሰው መያዛቸውን ነገሯቸው። የኔታም ቁልፉን ተቀብለው ክሩን ፈቱና በተሰነጠቀው እጀታ ውስጥ ባዶ ጎድጓዳ ስፍራ አሳዩን፤ በዚያ ስፍራ የነበረችው ነገር ወድቃ ጠፍታለች።

የጠፋችው ነገር ባትሪ የሌላት፣ ርዝመቷም ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ የማያልፍ ቺፕ ነበረች። ቁልፉ በሚገባበት ማብሪያ ዙሪያ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ቁልፉ ሲዞር ይህ ሽቦ በአካባቢው ረቂቅ የሆነ የመግነጢስ ማዕበል ያሰማራል፤ ቺፕዋም ከዚያው ማዕበል ኀይል ተቀብላ ትነቃና፣ የተሰጣትን ቁጥር መልሳ ትናገራለች። ቁጥሩ የታወቀ ሆኖ ሲገኝ «ፊያት ኮድ» የተባለው ንዑስ ሣጥን ለሞተሩ ኮምፒውተር፣ የእኛ ሰዎች ኮንትሮል ቦክስ ለሚሉት፣ የራሱን ምስጢረ ቃል ያቀብለዋል፤ ኮምፒውተሩም ይህን ቃል ካልሰማ ካንዴላውን እሳት፣ ሞተሩንም ቤንዚን ይከለክለዋል። የብረቱ ጥርስ ቢስማማም፣ ሞተሪኖው ቢያሽከረክርም፣ ቃሉ ሳይሰማ ሞተር አይነሣም። ኢሞቢላይዘር የሚሉት ይህ ነው።

ይህን ያን ዕለት ያወቅነው ከመጽሐፍ ነው። እትዬ ሥርዓት ያላቸው ሰው ስለ ሆኑ ከመኪናዪቱ ጋር የመጣውን የቆዳ ቦርሳ ሳይከፍቱት አስቀምጠውት ነበር፤ ውስጡ የጣሊያንኛ መምሪያ መጽሐፍ፣ እጀታው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው አንድ ቁልፍ፣ እንዲሁም አምስት አኃዝ የታተመበት ትንሽ ካርድ ተገኘ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው መምሪያውን እስኪመሽ አነበቡት፤ ያነበቡትንም ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር፣ ልክ በአንድምታ ትርጓሜ ቤት እንደሚደረገው፣ ንባቡን አስቀድመው ትርጓሜውን አስከትለው ለእኛ ነገሩን። ባለ ወይን ጠጁ ቁልፍ የቁልፎች ሁሉ አባት ነው፤ ዐዲስ ቁልፍ ለማስተዋወቅ ካልሆነ በቀር በየቀኑ አይያዝም። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ቁልፉ ዲዳ በሆነ ጊዜ ሰው ራሱ በእግሩ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ቃል ነው።

እንዴት እንደሚነገር አይቼዋለሁና በዝርዝር ልጻፈው። የኔታ ካርዱን ለእትዬ መልሰው ሰጧቸውና፣ «ይህን እርስዎ ብቻ ያንብቡ፤ ለዚህ ልጅ አንድ በአንድ ይንገሩት እንጂ ጋራዡ ሁሉ አይስማው» አሉ። እኔ ከመሪው ኋላ፣ እትዬ ከጎኔ ተቀመጥን። ቁልፉን መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስ አዞርሁ፤ የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬ ያዝሁ። የኢንጄክሽኑ መብራት ስምንት ሰኮንድ ያህል በርቶ ጠፋ፤ ያን ጊዜ እግሬን አነሣሁ። መብራቱ ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ እትዬም ብልጭታውን በመቁጠሪያቸው ፍሬ እየቆጠሩ፣ ካርዱ ላይ ካለው ከመጀመሪያው አኃዝ ጋር ሲስተካከል «እዚህ ላይ» አሉኝ፤ ረገጥሁ። አራት ሰኮንድ በርቶ ጠፋ፤ እግሬን አነሣሁ፤ ሁለተኛው አኃዝ ተጀመረ። አንዱ ብልጭታ ቢዘለል ወይም አንዱ ቢተርፍ ሁሉም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይደገማልና፣ በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። አምስተኛው ሲፈጸም መብራቱ በፍጥነት መርገብገብ ጀመረ፤ ይህም ቃሉ ተሰምቷል፣ ተቀባይነትም አግኝቷል ማለት ነው። ቁልፉን ወደ ፊት ሳዞረው ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። ቁጥሩ ስንት እንደ ነበረ ዛሬም አልጽፈውም፤ የእኔ አልነበረምና።

ወንድማቸው ሮማ የቀረውን ሁለተኛ ሰማያዊ ቁልፍ እስኪልኩላቸው ድረስ እትዬ ሞተር ባጠፉ ቍጥር ይህንኑ ሥርዓት መልሰው መፈጸም ነበረባቸው። ሌሊት ከማዋለጃ ክፍል ወጥተው በጨለማ መኪናቸው ውስጥ ብልጭታ እየቆጠሩ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴት ነበሩ፤ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። እኔ ግን ስለ እሳቸው አዝን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደ ተሠራ የኔታን ጠይቄአቸው ነበር፤ በኋላም ራሴ አንብቤ ተረድቼዋለሁ። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሮኒክ አእምሮ የተጀመረው ለሌብነት አልነበረም፤ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን የቤንዚን መርጫ በፎልክስቫገን 1600 ላይ ሲያወጣ፣ በ1979 ደግሞ ቤንዚኑንና እሳቱን አንድ ላይ የሚያዝዘውን ሞትሮኒክን በቢ.ኤም.ደብልዩ 732አይ ላይ ሲገጥም፣ ሐሳቡ ሁሉ የጢስ መቀነስና የነዳጅ ቁጠባ ነበር። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ግን በአውሮፓ የመኪና ስርቆት በዛ፤ ካሣ መክፈል የሰለቻቸው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መንግሥታትንና ፋብሪካዎችን ወተወቱ፤ በመጨረሻም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከኦክቶበር 1998 ጀምሮ የሚሸጥ ዐዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ሞተሩን የሚያዝዘው አእምሮ አስቀድሞ በውስጡ ስለ ነበረ፣ ዘበኛውንም እዚያው ማስቀመጡ ቀላል ነበር። ሌባው ሽቦ ቆርጦ ሽቦ በመቀጠል ብቻ መኪና ማስነሣቱ ቀረ፤ ይህም በእውነት መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ዘበኛውን ያቆሙት ሰዎች ያሰቡት መምሪያው፣ ካርዱና የኩባንያው ጋራዥ ሁሉ በአቅራቢያው ላለ ባለንብረት ነበር፤ መኪናዪቱ ሁለትና ሦስት ባለቤት ቀይራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ወረቀቷ በየመንገዱ ቀርቶ አዲስ አበባ ስትደርስ ማን ምስጢሩን እንደሚያውቅላት አላሰቡም።

ይህም ቁልፉ ከተሰነጠቀ በሚቀጥለው ዓመት በፑንቶዋ ላይ ተገለጠ። አንድ ማለዳ ባትሪው ደክሞ፣ ረዳት ነኝ ያለ መንገደኛ ከሌላ መኪና ባትሪ ሲያገናኝ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አገላበጠው፤ ፊውዞች ተቃጠሉ፤ ኮምፒውተሩም ሞተ። የኔታ የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፍተው በአጕሊ መነጽር ሲያዩት፣ በሰሌዳው ላይ ሁለት ስፍራ ጠቁሮ የመዳቡ መስመር ተልጦ ነበር። ከጣሊያን ባዶ የሆነ ዐዲስ ኮምፒውተር ቢመጣ፣ ከዚህችው የፊያት ኮድ ሣጥን ጋር ሲገናኝ ምስጢረ ቃሏን ተምሮ ሥራውን ይቀጥል ነበር፤ ዋጋው ግን ለአንዲት አዋላጅ ደመወዝ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዛ። ቁጥሩ አንድ፣ መሰኪያው አንድ፣ ፋብሪካውም አንድ ነው። ገጠምነው፤ ሞተሪኖው አሽከረከረ፤ ያች ቢጫ መብራት በርታ ቀረች።

የፑንቶ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ምስጢረ ቃል ከተማረ አይረሳም፤ ሌላ ሣጥንም አይቀበልም። ያ ከሶማሌ ተራ የመጣው የሌላ ፑንቶ ታማኝ አገልጋይ ነበረና፣ ለአዲሲቱ እመቤቱ አልታዘዝም ብሎ ተቀመጠ። እኛ የምናውቀው መድኀኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተሩን፣ የኮዱን ሣጥንና የቁልፉን ቺፕ ሦስቱንም ከአንዲት መኪና ማምጣት። ሻጩ ሣጥኑንና አንድ ሰማያዊ ቁልፍ ፈልጎ አመጣ። የዚያን ጊዜ በሙያችን እጅግ የተለመደ አቋራጭ ነበረ፤ የመጣውን ቁልፍ እጀታ ሰብሮ ቺፑን ማውጣት፣ ከማብሪያው ሽቦ አጠገብ በፕላስተር መለጠፍና በፕላስቲክ ክዳን መሸፈን። ቺፑ ከመሪው ሥር ሆኖ ሁልጊዜ ይመልሳል፤ ባለቤቱም በአሮጌ ቁልፉ እያዞረ ይሄዳል። ጓደኛዬ ፕላስተሩን ቈርጦ ሊለጥፍ ሲል የኔታ እጁን ያዙት።

«ይህን ብታደርግ መኪናዪቱ ትሄዳለች፤ ነገር ግን ዘበኛዋን በር ላይ አስረህ፣ አፉን ለመጣው ሁሉ እሺ እንዲል አስተምረኸዋል። እሜቴ የሚያድሩት ሌሊት ውጭ ነው። ይልቁንስ ይህ ሣጥን ከማን መኪና ወጣ? መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአክብሮት አስታውሳለሁ። ሻጩን ይዘው፣ ከሻጩ ወደ ገዛበት ሰው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየተከተሉ፣ ያች ሌላዋ ፑንቶ በናዝሬት መንገድ ወደተገለበጠችበት ቤተ ሰብ ደረሱ። ንብረቱ የተሰረቀ አለመሆኑን በወረቀት አስፈረሙ፤ ከቤቱም የዚያችው ፑንቶ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቁልፍና ካርዱ ከመሳቢያ ውስጥ ተገኝተው ለእትዬ ተሰጡ። እኔ በዚያን ጊዜ ለአንዲት ትንሽ መኪና ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል እል ነበር፤ ለካስ የኔታ የሚፈልጉት ሞተሩ እንዲነሣ ብቻ ሳይሆን፣ ከእንግዲህ ወዲህ ቢታመም ምስጢሩ በባለቤቷ እጅ እንዲገኝ ነበር። ቺፑንም በስለታም ምላጭ ከመጣው ቁልፍ አውጥተው፣ በእትዬ በተሰነጠቀው ቁልፍ እጀታ ውስጥ ባለው ባዶ ጎድጓዳ አስቀምጠው፣ በሙጫ አተሙት። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቷም ጠፋች። ቁልፉ ከማብሪያው ሲወጣ ቺፑም ከእትዬ ጋር ወደ ቦርሳቸው ይገባል፤ ፑንቶዋም እንደ ገና ዘበኛ ኖራት።

የኔታ ካረፉ ወዲህ በዚህ መንገድ ብዙ መኪና አይቻለሁ። ከጀርመን የመጣ ጎልፍ ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ሰኮንድ ያህል ከሠራ በኋላ ይጠፋል፤ ይህን ምልክት የማያውቅ መካኒክ ፓምፕ እየለወጠ የባለቤቱን ገንዘብ ያባክናል። የቶዮታው ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። የኢሞቢላይዘሩ ሣጥን ለብቻው በሆነበት ቶዮታ ኮምፒውተሩ ሲለወጥ፣ በመመርመሪያው መሰኪያ ላይ አራተኛውንና ዐሥራ ሦስተኛውን እግር በአጭር ሽቦ አገናኝተን፣ ቁልፉን ከፍተን፣ ሠላሳ ደቂቃ እንጠብቃለን፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ሣጥኖች ይተዋወቃሉ፤ ቀድሞ የሚቸኩል ሰው ይህን ሥራ አይችለውም። ኢሞቢላይዘሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ በሆነበት ደግሞ፣ የቁልፎቹን ቁጥር የሚይዘውን ባለ ስምንት እግር ቺፕ ከሞተው ሰሌዳ አንሥተን በሚሠራው ሰሌዳ ላይ እንበይደዋለን፤ ኮምፒውተሩ ባዕድ ቢሆንም ትዝታው የባለቤቱ ይሆናል። የዛሬ ወጣቶች ይህን ሁሉ በላፕቶፕ ያደርጉታል፤ እጃቸውም ከእኛ እጅግ የቀና ነው፤ ደስም ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል፤ ዝም ማለትም አልችልም። ምስጢሩ ከባለንብረቱ እየራቀ ሄዷል። ፊያት በዚያን ጊዜ ቁጥሩን በካርድ አትሞ ለገዢው ይሰጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመጡት በብዙዎቹ መኪኖች ግን ቁጥሩ ያለው በፋብሪካው መዝገብ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ የገዛ መኪናውን ቃል ለማግኘት በፈቃድ ይጠይቃል፣ ይከፍላል፣ ይጠብቃል። ምስጢሩን መሸሸግ ሌባን ለዘላለም እንደማይከለክል ደግሞ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአር.ኤስ.ኤ. ላብራቶሪ ተመራማሪዎች የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ባለ 40 ቢት ቺፕ ምስጢር ፈትተው የፎርድ መኪና አስነሥተውበታል። ሊቁ የፈታውን ሌባም አንድ ቀን ይደርስበታል፤ በመካከሉ ደጅ የሚጠናው እውነተኛው ባለቤት ነው። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ወዳጅ ሁሉ የምለው ይህ ነው፤ ስለ ቀለሙ ከመጠየቅህ በፊት ቁልፎቹ ስንት እንደ ሆኑ፣ ካርድ ወይም የኮድ ወረቀት እንዳለው ጠይቅ፤ ሁለተኛ ቁልፍ የሌለው መኪና ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሳይጠፋ ዛሬውኑ አስቀርጽ።

እትዬ ጡረታ ሲወጡ ፑንቶዋን ለአንዲት ወጣት መምህርት ሸጧት። ውሉ ሲጻፍ ምስክር ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ጸሐፊው የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ጽፎ ሊያትም ሲል፣ እትዬ ብዕሩን አስቁመው አንድ መስመር አስጨመሩበት፦ «ከአንድ ሰማያዊ ቁልፍ፣ ከአንድ ባለ ወይን ጠጅ ቀለም ቁልፍና ከኮድ ካርዱ ጋር ተረክቤአለሁ»። ወጣቲቱም ቆጥራ ተረክባ ፈረመች።